የግትሯ ለቀማ

ነሐሴ 12

ጉንፋኑ ለቀቀኝ። ወደ ምድር ቤቱ ወርጄ በርሜል አጠብኩ። ለወትሮው ገና በሩን ስከፍት የወይኑ ሽታ ይቀበለኝ ነበር... ዛሬ ምንም። አፍንጫዬ ገና ተደፍኖ ይሆናል።

ነሐሴ 20

አልተደፈነም። አየር ይገባል፣ ሽታ አይገባም። ኮምጣጤ አሸተትኩ፤ ውሃ ነው። ሐኪሙ «ሊመለስ ይችላል፣ ላይመለስም ይችላል» አለ። ይህንንማ መቼ አጣሁት?

ለማንም አልተናገርኩም። የማታሸት ወይን ጠማቂ... ምን ልትባል ነው?

ነሐሴ 27

ክረምቱ ዘንድሮ ቀድሞ ወጣ፤ ቀዩ ወይን ተለቅሞ አለቀ። የቀረችው ግትሯ ናት። ለነጯ ወይናችን ስሙን ያወጣላት አባባ ነው። ሌላው ሲበስል እሷ ጥሬ ናት። ቆዳዋ ስስ ነው፤ ዝናብ ከነካት ትሻግታለች። ቀድመው ከለቀሟት ወይን ጠጇ ጥርስ ያጠርሳል፣ ከዘገዩባት ልፍስፍስ ይላል። መሣሪያው ስኳሯን ይለካል እንጂ ቀኗን አይናገርም። አባባ ፍሬዋን አኝኮ፣ ዐይኑን ጨፍኖ «ነገ» ይል ነበር። እሱ ካረፈ ስድስት ዓመት፣ «ነገ» ባይዋ እኔ ነኝ።

ወንድሜ ፓምፑን ሊጠግን መጣ። መካኒክ ነው፤ የወይኑን ሥራ ከተወ ቆይቷል። «እትዬ፣ ይቺን አሮጊት ነቅለን ቀይ ብንተክልስ?» አለ፣ እንደ ልማዱ። ሁልጊዜ እጣላዋለሁ። ዛሬ መፍቻውን አቀበልኩት። ቀና ብሎ አየኝ።

መስከረም 2

የለቃሚዎቹ አለቃ በር ላይ ጠበቀችኝ። «መቼ ነው? ደመናው እየመጣ ነው።» አንድ ፍሬ አፌ ውስጥ ጨመርኩ። ጣፋጭነቱ ምላሴ ላይ አለ፣ ከዚያ ወዲያ ባዶ። «ነገ እነግርሻለሁ» አልኳት። ምኑን ነው የምነግራት?

መስከረም 3

ለወንድሜ ነገርኩት። ረድፎቹ መሃል ቆመን።

«አላሸትም። ከጉንፋኑ ወዲህ።»

«እንንቀላት» ይላል ብዬ ነበር። «ብቻሽን ይዘሽው ከረምሽ?» አለ እንጂ።

ፍሬ ቆርጬ ሰጠሁት። «እኔ እኮ ቤንዚን ለማሽተት የተፈጠርኩ ሰው ነኝ» አለ።

«የተቃጠለ የሞተር ቺንጋ ከሦስት መኪና ኋላ ታሸት የለም? አኝክ። ዘሩንም ሰንጥቀው።»

«ዘሩ ጥሬ ለውዝ... ቆዳው የታጨደ ሣር።» ተፋው። «አባባ ለምን አላስተማረኝም?»

«የሄድከው አንተ ነህ።»

«የጠራኝስ ማን አለ?»

እኔም አልጠራሁትም። «ዘሩ የተቆላ ሲሆን፣ ሣሩ ሲጠፋ ንገረኝ» አልኩት።

መስከረም 6

ሦስት ቀን ጠዋት ጠዋት አኘከ። ደመናው አናታችን ላይ ነው፤ አለቃዋ ተቆጥታለች። ዛሬ ዘሩን ሰንጥቆ ደጋግሞ አሸተተው። «የተቆላ ለውዝ ሆኗል። ሣሩ ጠፍቷል። ኮክ... አዎ፣ ኮክ። ነገ።»

መስከረም 8

ትናንት ለቀምን። የታችኞቹ ሁለት ረድፎች ሲቀሩ ዘነበ። እነሱን አጣን።

የካቲት 19

ሐኪሙ ከእንግዲህ ተስፋ እንዳላደርግ ነግሮኛል።

ዛሬ ግትሯን ከታንከሩ ቀዳን። ቀለሟ እንደ ገለባ። ወንድሜ አሸተተ፣ ተጎነጨ። «የሎሚ ልጣጭ። ከዚያ ኮክ። መጨረሻው ላይ ዝናብ የነካው ድንጋይ።» ስለ መንቀል አላነሳም።

እኔም ቀመስኩ። ጎምዛዛ ቅዝቃዜ ብቻ። እንባዬ መጣ፤ እንዳላየ ሆነ።

«አባባ የሚጠምቀውን ይመስላል?» አለኝ።

«ከእንግዲህ ይህን የምታውቀው አንተ ነህ።»

የጠመቃ መዝገባችን ላይ «ቀማሽ» ከሚለው ፊት ለፊት ስሙን ጻፍኩ። ስድስት ዓመት የኔ ስም ነበር።