ከሠላሳ ሃያ አምስት

ኅዳር 8፣ ሰኞ

መጀመሪያ ሊታወቅ የሚገባው፦ እናቴ ሰባ አምስት ዓመት ሲሞላት ስሜን ረሳች። እኔ ሰባ ሁለት ነኝ። ይህን ደብተር የምይዘው ለዚህ ነው።

ዛሬ ደህና ቀን። በጠዋት የኦልድ ካምፓላን ዳገት ወጥቼ ወረድኩ። የስኳር መድኃኒቴን ዋጥኩ። የ1984 ዓ.ም. የ6ኛ ለ ተማሪዎቼን ስም በቃሌ በተራ ቁጥር ጠራሁ። ከአርባ ሰባቱ አርባ አምስት። 19 እና 33 ጠፉብኝ።

የቅዳሜ አማርኛ ተማሪዎቼን ደብተር አረምኩ። ከአሥራ አንዱ ዘጠኙ የቤት ሥራ ሠርተዋል። እዚህ ካምፓላ ለተወለዱ ልጆች ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ኅዳር 10፣ ረቡዕ

ክሊኒክ። ለስኳር ክትትል ደም ሰጠሁ። ነርሷ ዕድሜዬን አይታ የማስታወስ ፈተና አለ አለችኝ። ሠላሳ ጥያቄ፣ በእንግሊዝኛ። ዓመቱ፣ ወሩ፣ ቀኑ፣ ሰዓቱ... ከመቶ ሰባት ሰባት እየቀነሱ መውረድ... ሦስት ቃል ይዞ ቆይቶ መመለስ። ሳላመነታ መለስኩ። ከሦስቱ ቃላት አንዷ ብቻ አልመጣችልኝም።

ሃያ ዘጠኝ አገኛለሁ።

ኅዳር 11፣ ሐሙስ

ሃያ አምስት።

ለልጄ ለሔሊና ደውለው ነገሯት። ከሃያ ስድስት በታች ያገኘ ዶክተር ጋ ይቀርባል። ቀጠሮው ኅዳር 22።

ማታ ከአየር መንገድ ሥራዋ ስትመለስ ሦስት ጠርሙስ ይዛ ገባች። የዓሣ ዘይት፣ ጊንኮ የሚባል ቅጠል፣ “የአንጎል ቫይታሚን”። ዓይኗ ቀልቷል።

“እማዬ፣ ዶክተሯ እስክታይሽ የቅዳሜው ትምህርት ይቅር። ታክሲ ተሳፍረሽ ብትጠፊብኝስ?”

እኔም እናቴን ልክ እንዲህ ነበር ያልኳት።

ኅዳር 13፣ ቅዳሜ

ቤት ዋልኩ።

ኅዳር 15፣ ሰኞ

የነቢያት ጾም ገባ። የዓሣ ዘይቱን መደርደሪያው ላይ መለስኩት። ዓሣ ይፈቀዳል የሚሉ አሉ፤ እኔ ከእነሱ አይደለሁም። ሔሊና አኮረፈች። ሁለቱን ግን ሰዓት ሳላሳልፍ እየዋጥኩ ነው፣ ስም ጠርቼም እመዘግባለሁ። 45፣ 45፣ 44፣ 45። ጠርሙሶቹ ከመምጣታቸው በፊትስ? 45።

አንድ ተማሪ ፈትኖ ስለ ትምህርት ቤቱ ማውራት አይቻልም፣ አውቃለሁ። ቢሆንም ይመዝገብ።

ጎረቤታችን ሀብተ ጊዮርጊስ፣ ባለ ምግብ ቤቱ፣ ጊንኮ ከጀመረ ወዲህ አእምሮው ምላጭ እንደሆነ ነገረኝ። ሂሳብ ተቀብሎ ተመለሰና ያንኑ እንደገና ነገረኝ።

ኅዳር 20፣ ቅዳሜ

ሁለተኛ ቅዳሜ ያለ ክፍል። የልጅ ልጄ ሮሃ፣ የክፍሉ ልጆች “ቲቸር ታመዋል እንዴ?” እያሉ እንደጠየቋት ነገረችኝ።

ሠላሳ አራት ዓመት ፈተና አርሜያለሁ። የታረመውን ወረቀት ሳልመልስ ውጤት ተናግሬ አላውቅም። የእኔ ወረቀት የት አለ?

ኅዳር 22፣ ሰኞ

ዶክተር ናሙቢሩ ወጣት ናት፣ ረጋ ያለች። ስለ ውጤቱ ከመነጋገራችን በፊት ወረቀቴን ልየው አልኳት። ሔሊና ክንዴን ጎተት አደረገችኝ። ዶክተሯ ግን አውጥታ ሰጠችኝ።

አምስት ቀይ ኤክስ። ዓመት 2018። ወር ኅዳር። ቀን 10። ሰዓት 4። አምስተኛዋ ያቺ የጠፋችኝ ቃል።

ሔሊና ወረቀቱን አየች። እኔን አየች። አፏን በእጇ ያዘች።

“እማዬ... በኛ አቆጣጠር እኮ ነው የመለስሽው።”

በየጠዋቱ እዚህ ደብተር ላይ የምጽፈው ቀን ነው የመጣልኝ። ጥፋቱ የኔም ነው። በእንግሊዝኛ ሲጠይቁኝ ማሰብ ነበረብኝ። ጥያቄውን በደንብ ያላነበበ ተማሪ ሆንኩ... ለዶክተሯ አስረዳኋት። ሰዓቱ ጋ ስንደርስ ሳቀች። ለካ በሉጋንዳም የጠዋቱ አራት ሰዓት “ሳዋ ንያ” ነው፤ አራት። “አያቴም በዚህ ወረቀት ትወድቅ ነበር” አለች።

ከዚያ ሳቋን አቆመች። ደሜ ውስጥ ቢ12 የሚባለው ቫይታሚን ዝቅ ብሏል። የስኳር መድኃኒቱ በዓመታት ያሳንሰዋል፤ ሥጋና ወተት የሌለበት ረጅም ጾም ሲጨመርበት ይብሳል። እጥረቱ ራሱ ማስታወስን ሊያዳክም ይችላል። እሱ በመርፌ ይተካልኛል፣ ጾሜንም አልፈታም። ሔሊና ከቤት ይዛ የመጣቻቸውን ሦስቱን ጠርሙሶች አንድ በአንድ አገላብጣ አየቻቸው። መርሳትን ይከላከላሉ የሚያሰኝ በቂ ማስረጃ የለም አለች። ቀኔን እንዴት እንደማሳልፍ ጠየቀችኝ። ዳገቱን፣ ስም ጥሪውን፣ የቅዳሜውን ክፍል ነገርኳት።

“እሱን እንዳያቋርጡ” አለች፣ ሔሊናን እያየች።

ከስድስት ወር በኋላ እንደገና እፈተናለሁ። ተስማምቻለሁ።

ኅዳር 27፣ ቅዳሜ

ማኬሬሬ፣ ወደ ቅዳሜው ክፍሌ። ሔሊና እስከ ታክሲው ሸኘችኝ፣ አብራኝ አልተሳፈረችም። አሥራ አንዱም መጥተዋል። ወረቀት ሳልይዝ ስማቸውን ጠራሁ፤ አንድም አልሳትኩም።

ስመለስ፣ ዳገቱ ላይ፣ 33 መጣልኝ። ገንዘቤ። መስኮት ጥግ ትቀመጥ ነበር። 19 ገና ነው።

ለክሊኒኩ የምልከው፣ ወደ እንግሊዝኛ ከመተርጎሙ በፊት፦

“ያገኘሁት ሃያ ዘጠኝ ነው። አንዷን ቃል የቀነሳችሁብኝ በትክክል ነው፤ በእሷ አልከራከርም። በፈተናው ወረቀት አናት ላይ ‘ዘመንና ሰዓት የሚቆጥሩት እንዴት ነው?’ የሚል አንድ መስመር ይጨመር። ካምፓላ ውስጥ እኔን የመሰሉ ብዙ አዛውንቶች አሉ፣ ማታ ዓይናቸው ቀልቶ የሚገቡ ልጆችም አሏቸው። የተስተካከለውን ወረቀቴን ፈርማችሁ እስከ ዓርብ መልሱልኝ።”