ከፊት ወንበር ሆነው ላጨበጨቡት ሽማግሌ

ጁላይ 19 ቀን 2025፣ ኮሎምበስ። እናቴ ከጸሎት አገልግሎት ከታገደች ዛሬ አሥራ ዘጠኝ ቀን ሆናት።

ለተከበሩ የቤተ ክርስቲያናችን የሽማግሌዎች ጉባኤ ሰብሳቢ፣ ለወንድም ዘገዬ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? በሜይ ወሩ ጉዞ ፀሐይ የላጠው አፍንጫዎ ድኖ፣ ጉልበትዎ በርትቶ፣ እንቅልፍዎም ሳይጓደል እንደሚያድሩ ተስፋ አደርጋለሁ። በተለይ ስለ እንቅልፍዎ አስባለሁ፤ ያዩትን እንዳላዩ ሆኖ መተኛት ለሰውነት ከባድ ነው ሲባል ሰምቻለሁ። ይህን ደብዳቤ ግልጽ ያደረግሁት በድፍረት አይደለም። ሦስት ጊዜ በግል ጽፌልዎት ሦስቱንም ጊዜ «እየጸለይንበት ነው» የሚል መልስ ስለደረሰኝ፣ ምእመናኑም አብረው ቢጸልዩበት ሥራው ይቀልልዎታል ብዬ ነው።

በጉዞው ላይ ያልነበሩ አንባቢዎች እንዳይቸገሩ ከመጀመሪያው ልነሳ። ቤተ ክርስቲያናችን ሃያኛ ዓመቷን ለማክበር አርባ አንድ ሰው ይዛ ወደ አንዲት የካሪቢያን ደሴት ሄደች። በሦስተኛው ቀን ወጣቶቹ ባሕሩ ዳርቻ እንዋል ሲሉ፣ እርስዎ «እዚያ ያለው ራቁቱን የሚሄድ ሕዝብ ነው፤ የደሴቲቱን ባህልና ተፈጥሮ እንይ፣ ያንጸናል» ብለው የአንድ ቀን ጉብኝት ከነአስጎብኚው መረጡልን። ስለ ምርጫዎ አመሰግናለሁ። እውነትም ታንጸናል።

ቅሬታዬን በቁጥር አቀርባለሁ። ጉባኤው ቁጥር እንደሚወድ ከእናቴ የእገዳ ደብዳቤ ተረድቻለሁ፤ አንድ ገጽ ወረቀት ሰባት ንዑስ አንቀጽ ነበረው።

አንደኛ። በአስጎብኚው በዴዝመንድ ላይ ቅሬታ የለኝም። ከአውራ ጣት ጥፍር የምታንስ፣ ድምፅዋ ግን ጫካውን የምትሞላ እንቁራሪት አሳየን፤ የካካዎ ፍሬ ሰብሮ አስቀመሰን። እናቴ፣ ሁላችሁም እማማ መዓዛ የምትሏት፣ የልጄን የናርዲን ክንድ ይዛ ስትሄድ አንድ ሰፋፊ ቅጠል ያለው ተክል ፊት ቆመችና «ይሄ እኮ ጎደሬ ነው! ምን ያስጎበኙናል፣ ቆፍረው አይበሉትም?» አለች። ናርዲ ስትተረጉምለት ከሁላችን በላይ የሳቀው ዴዝመንድ ነበር። ፏፏቴው ጋ ስንደርስ፣ የጥንት ሰዎች ለውሃዋ እመቤት ሳንቲም ወርውረው ምኞታቸውን ይነግሯት እንደነበር አስረዳን። እርስዎ ፊትዎን ወደ ካሜራ አዙረው፣ ዓይንዎን ጨፍነው ወረወሩ። ቀልድ እንደሆነ ሁላችንም ገብቶናል፤ ማንም ጉባኤ አልጠራብዎትም። ይህን የማስታውስዎ፣ ቀልድን እንደ ቀልድ የመረዳት ችሎታ በመካከላችን እንደነበረ ለመመስከር ያህል ብቻ ነው።

ሁለተኛ። ከምሳ ጋር፣ በዘንባባ በተከደነ አዳራሽ ውስጥ የባህል ትርኢት ነበር። ከበሮ ተመታ። ነጭ የለበሰች፣ ከናርዲ ብዙም የማትበልጥ ልጅ ስትጨፍር ቆይታ ወደቀች፤ ተንቀጠቀጠች፤ የዓይኗ ነጩ ብቻ ቀረ። ይህ የጥንቱ አምልኮ ማሳያ መሆኑን ዴዝመንድ አስቀድሞ በእንግሊዝኛ ነግሮናል። እናቴ እንግሊዝኛ አትችልም። መጀመሪያ ቦንጋ፣ በኋላም እዚሁ፣ ሠላሳ አንድ ዓመት በወደቁ ሰዎች ላይ እጇን ስትጭን የኖረች ሴት፣ ልጅ ወድቃ አርባ ክርስቲያን ሩዝና ዓሣ ሲበላ ስታይ ምን እንድታደርግ እንደጠበቃችሁ አላውቅም። ሳህኗን ወንበሩ ላይ አስቀመጠች። ነጠላዋን አጥብቃ አሰረች። መድረኩ ላይ ወጣችና እጇን ልጅቷ ራስ ላይ ጭና «በኢየሱስ ስም ልቀቃት! የሰው ልጅ ናት፣ ልቀቃት!» አለች። ከበሮ መቺዎቹ አንዷ ጎብኚ አብራቸው የምትጫወት መስሏቸው ምቱን አጠነከሩት። እናቴም ድምፅዋን አጠነከረች።

ላወርዳት ስነሳ እጄን ይዘው ያስቀመጡኝ እርስዎ ነዎት። የፊት ወንበር ላይ ነበሩ፤ በሌላው እጅዎ ጠርዙ ላይ አናናስ የተሰካበት ጭማቂ ይዘዋል። «ተዋቸው አንድርያስ፣ እንዴት ደስ ይላሉ! አይ እማማ!» አሉኝ። ከዚያም ብርጭቆውን አስቀምጠው፣ ቆመው አጨበጨቡ።

ትርኢቱ ሲያበቃ ልጅቷ ለእናቴ ውሃ አመጣችላት፤ ምን ስትላት እንደነበረም ናርዲን ጠየቀቻት። ናርዲ ነገረቻት። ልጅቷም «በቀን ሁለቴ እወድቃለሁ፤ የጎብኚ መርከብ ሲገባ ሦስቴ። ደንግጦ የተነሳልኝ ሰው እሷ የመጀመሪያዋ ናት» አለች። ናርዲ ይህን ለእናቴ ስትተረጉምላት እናቴ ተቆጣች። «ታዲያ ይሄን ሥራ ትተዋ!»

ሦስተኛ። ጁን 28፣ ቅዳሜ፣ ግሮቭፖርት ሥራ ላይ ሳለሁ ናርዲ ደወለችልኝ። «ዳድ፣ ግራንማ ቫይራል ሆናለች!» የአስጎብኚው ድርጅት የእናቴን ፎቶ ማስታወቂያ አድርጎታል፤ ክንዷ ወደ ላይ ተዘርግቷል፣ ዓይኗ ተጨፍኗል፣ ልጅቷ እግሯ ሥር ናት። ከሥሩ «የደሴታችንን ጥንታዊ መንፈስ ከአዛውንቷ ካህን ጋር ይለማመዱ» የሚል ጽሑፍ አለ። ናርዲ ሳቀች፤ እኔም ሳቅሁ። ሳቁ ከአንድ ሰዓት በላይ አልዘለቀም። ፎቶው፣ ማን እንደላከው ሳይታወቅ፣ የቤተ ክርስቲያኑ የስልክ ግሩፕ ውስጥ ገባ፤ እሑድ ጉባኤው ተሰበሰበ፤ ሰኞ ጸሐፊያችሁ ወንድም ጣሰው ፖስታ ይዞ በራችንን አንኳኳ። እናቴ «ከባዕድ አምልኮ ጋር ተያይዞ በታየ ምስል ምክንያት፣ ጉዳዩ እስኪጣራ ድረስ» ታግዳለች።

እስኪጣራ! አርባ ሰው ተቀምጦ ያየውን ነገር! እስከ ዛሬ ከአርባዎቹ አንዱን እንኳ የጠየቀ የለም። ፎቶው ግራ ጠርዝ ላይ አንድ ክርንና አናናስ የተሰካበት ጭማቂ ይታያል። ምናልባት ጉባኤው ክርኑ የማን እንደሆነ በማጣራት ላይ ይሆናል፤ ካስፈለገ በዚህ በኩል ልረዳ እችላለሁ።

አራተኛ። ለአስጎብኚው ድርጅት ጻፍሁ። እነዚህ ሰዎች አያውቁንም፤ አብረውን እንጀራ ቆርሰው አያውቁም፤ የእናቴንም ስም አስተካክለው መጻፍ አልቻሉም። በማግስቱ ፎቶውን አወረዱ፣ ይቅርታ ጠየቁ፣ ለሁለት ሰው የሚሆን የነጻ ጉብኝት ትኬትም ላኩ። አንድ ቀን ፈጀባቸው።

አምስተኛ፣ የመጨረሻው። እናቴ የእገዳ ደብዳቤውን መነጽሯን አድርጋ ሁለት ጊዜ አነበበችው። የገባት፣ ጥፋቷ ሳይፈቀድላት መድረክ ላይ መውጣቷ እንደሆነ ነው። «እውነታቸውን ነው፤ ሰው አገር ሄጄ ሳላስፈቅድ ተነሳሁ» አለችኝ። ሌላውን፣ አሥራ ስድስት ዓመት አብረዋት የጸለዩ ሰዎች ምን እንደጠረጠሯት፣ ላስረዳት ሞክሬ አፌ እምቢ አለኝ። ማክሰኞ የጸሎት ቀኗ ነው። ሦስት ማክሰኞ አለፈ። ሦስቱንም ለብሳ፣ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ በሩ አጠገብ ባለው ወንበር እስከ ምሳ ሰዓት ተቀመጠች፤ ከዚያ ጫማዋን አወለቀች። የሚደውልላት የለም። ይቅርታ፣ አንዲት ሴት አለች፤ ከጉባኤው አባላት የአንዱ ባለቤት ናት፤ ስም አልጠራም። ኦፕራሲዮን አለባት፤ ጋራዥ ውስጥ ሆና በሹክሹክታ ትደውላለች። እናቴ ትጸልይላታለች። የታገደ ሰው ጸሎት በስልክ ሲሆን ይፈቀድ እንደሆነ ጉባኤው በንዑስ አንቀጽ ስምንት ቢያብራራልን።

የምጠይቅዎ ትንሽ ነው። ነገ እሑድ፣ ከስብከቱ በፊት፣ ማይክሮፎኑን ይያዙና «እዚያ ነበርኩ፤ አይቻለሁ፤ እማማ መዓዛ እየጸለዩ ነበር» ይበሉ። ከዚያ ለማክሰኞ ይመልሷት። ናርዲ ዘንድ ሁለት ደቂቃ ከአርባ ሰከንድ ቪዲዮ አለ፤ ጸሎቱም፣ «ተዋቸው» ያሉኝም፣ ጭብጨባውም በደንብ ይሰማል። አይፍሩ፣ የትም አልለጥፈውም። እናቴ «ሽማግሌ አታዋርድ። ያየውን ራሱ ይናገር» ብላ ከልክላኛለች። ደብዳቤ ግን አልከለከለችኝም። አላሰበችውም።

ዝምታዎን እንደ ጥበብ፣ ማጣራትዎን እንደ ትጋት ለሚቆጥሩልዎ ሁሉ ሰላምታዬን እያቀረብኩ፣ የያዙት ወንበር እንዲረጋልዎ፣ እጅዎም ለጭብጨባ እንደበረታ ሁሉ ለምስክርነትም እንዲነሳ እየተመኘሁ፣ በፍጹም አክብሮት ከኋላ ወንበር እጅ እነሳለሁ።

አንድርያስ፣
የቤተ ክርስቲያኒቱ ቫን ሹፌር፣ የእማማ መዓዛ ልጅ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ሁለቱን የነጻ ጉብኝት ትኬቶች ከዚህ ጋር አያይዣለሁ። የፊት ወንበር ናቸው።

ይህን ደግሞ የምጨምረው ከመደብሩ ደጅ፣ መኪና ውስጥ ሆኜ ነው። ለነገው እንግዳ ሰባኪ መስተንግዶ እንድገዛ ያዘዙኝን ሃያ ካርቶን ውሃ፣ የወረቀት ሳህንና አራት ከረጢት በረዶ በጋሪ ጭኜ፣ ካሸሯ ጋ ተሰልፌ ሳለ ወንድም ጣሰው ቴክስት አደረገልኝ፦ «ነገ እንግዳ ስላለብን እማማ ቤት ቢቆዩ ይመረጣል፤ ጋሽ ዘገዬም ተስማምተዋል።» ከፊቴ የቀሩት ሁለት ሰዎች ነበሩ። ጋሪውን ከሰልፉ አወጣሁት፣ ወደ ግድግዳው አስጠጋሁት፣ ወጣሁ። ነገ ቫኑ እንደ ወትሮው ሚነርቫ ፓርክ ሰፈር ያሉትን አዛውንቶች ይጭናል፤ እናቴም አለችበት፤ ቤተ ክርስቲያን ስንደርስ የምትቀመጠው ከእርስዎ ጎን ነው። ጋሪው ሦስተኛው ካሸር አጠገብ ቆሟል። በረዶውን ከላይ አድርጌዋለሁ፤ ከፈጠኑ ሳይቀልጥ ይደርሱበታል።