ዌንደል፣ ምዝገባው ዛሬ ይዘጋል

ዌንደል፣

ሾርባው ማቀዝቀዣ ውስጥ አለ፤ አሙቀህ ብላ።

ኮሌጁ ምዝገባ የሚዘጋው ዛሬ ከሰዓት ነው። ሦስት ዓመት ሙሉ «በሁለት ዓመት የወንጀል ፍትሕ ዲግሪዬን ይዤ ሸሪፍ ቢሮ ፖሊስ ሆኜ እቀጠራለሁ» ስትለኝ ኖረሃል። ያኔ ጀምረህ ቢሆን ይሄኔ ተመርቀህ፣ እኔን ራሴን «በፍጥነት ነዳሽ» ብለህ ቀጥተኸኝ ነበር። አንተ ግን ሶፋ ላይ ተጋድመህ የትኛውን ኮርስ ላስቀድም እያልክ ትመረምራለህ። አይብህን እየሰረቀ የሚበላው ጓደኛህ ቶቢ መሆኑን እንኳ ገና አልደረስክበትም፣ የኛ መርማሪ!

ትናንት እራት ላይ እናትህ ፊት «ይሄ ሸሪፍ የሚሆነው በሃሎዊን፣ በጭምብል በዓል ልብስ ነው» ያልኩት ግን...
እሷ ያን ያህል ትስቃለች ብዬ አልጠበቅኩም። ፊትህን አይቼዋለሁ።

ለማንኛውም እኔ ባለፈው ሳምንት ተመዝግቤያለሁ።
አዎ፣ እዚያው የወንጀል ፍትሕ።
ይሄን ሁሉ ጊዜ ስትሰብክ አንድ ሰው እንኳ መስማት ነበረበት።

ወደ ሥራ የሄድኩት በአውቶቡስ ነው። መኪናውን ትቼልሃለሁ፣ ነዳጅም ሞልቼበታለሁ፤ ሰበብ ፈልግ እንግዲህ።

ከተመዘገብክ ደግሞ ክፍል ውስጥ አጠገቤ እንዳትቀመጥ። ትኮርጃለህ።

ሮዛልባ