የቡላ ደረት ልክ

ሰኞ፣ ታኅሣሥ 4

ዛሬም በጠሰው። የናይሎን ገመዱን ስገዛ «አንበሳ ያስራል» ብሎኝ ነበር ባለሱቁ። አስፋልቱ በኩል ተኩስ ሲሰማ ቡላ አበደ። ገመዱን በጥሶ፣ የቆርቆሮ አጥሩን ገፍቶ ከኦቦ ቱሉ በጎች መሀል ገባ። አልነከሰም። ግን የጥጃ ያህል ውሻ ሲመጣባት የትኛዋ በግ ትቆማለች? አንዷ አጥር ልትዘል ስትል እግሯ ታጥፎባት ታነክሳለች።

ጎረቤቴ ኦቦ ቱሉ በጎቹን ለገና ገበያ ነው የሚያደልባቸው። በአጥሩ ቀዳዳ ብቅ ብሎ፣ «አዴ ዘነቡ፣ እርስዎን አከብራለሁ፤ ውሻዎን ግን አላከብርም። ሌላ ቀን በጎቼ ውስጥ ካገኘሁት መርዝ ያለበት ሥጋ ነው የምጥልለት» አለኝ። አይቀልድም። አምና የሌላ ጎረቤት ውሻ እንዲሁ ሄዷል።

ቡላ የኔ አልነበረም። ጓሮ ቤቴን ተከራይተው የነበሩት የአዲስ አበባ ሰዎች ግርግሩ ሲጀምር ሶፋቸውን ጭነው ሄዱ፣ ውሻውን ትተው። ውሻ እንደ ሶፋ አይቆጠርም ለካ። አሁን ስገባ ከተኛበት የሚነሳልኝ እሱ ብቻ ነው። ይህን ለሰው አልናገርም።

ማክሰኞ

የእንስሳት ሐኪሟ መጥታ አየችው። ገመዱ አንገቱን ዙሪያውን ልጦታል። «እማማ፣ እስኪድን አንገቱን ምንም አይንካው። በደረትና በጀርባው የሚይዝ ማሰሪያ ያሠሩለት፣ እንደ ጋሪ ፈረስ።»

ልጄ ከከተማ ያመጣችው ቀይ የደረት ማሰሪያ ነበረኝ። ለትልቅ ውሻ ነው ተብሎ የተሸጠላት። አሰርኩለት። ቡላ አስነጠሰ፤ የፕላስቲክ ማያያዣው ቀጭ አለ። ያ ነው ጥንካሬው።

ዓለም ገና ወዳለው ወደ ኦቦ ለሜሳ ደወልኩ። የጋሪ ፈረስ ዕቃ ይሠራል።

«በሜትር ስንት ነው ደረቱ?» አለኝ።

ሜትር ቤቴ አይገባም አልኩት። ማሳዬን በሜትር ለክተው ነው የወሰዱት። ያኔ ፊደል አልቆጠርኩም ነበር፣ አውራ ጣቴን ቀለም ነክረው አስፈረሙኝ። አሁን በአዲስ አበባው ማስተር ፕላን የቀረውንም ሊለኩ ነው ይላሉ፤ የሰፈሩ ልጆች አስፋልቱን በድንጋይ የዘጉት ለዚሁ ነው።

«እንግዲያው በገመድ ለክተው ይላኩልኝ።»

በገመድ የሚለካ ሬሳ ነው! ባሌን ለሣጥኑ ሲለኩት አይቻለሁ። በሕይወት ያለ ነገር በገመድ አልለካም። በክንዴ ለካሁና ነገርኩት፦ ሁለት ክንድ ሙሉ።

ረቡዕ

ኦቦ ለሜሳ ደወለ። «አካም ቡልተን አዴ? ቆዳ ነው ሸራ?» ቆዳ አልኩት፤ የባሌ የሞፈር ጠፍር ስንት ክረምት አርሷል። «ጠፍር ዝናብ ሲነካው እንጨት ይሆናል፣ ብብቱን ይልጠዋል። ውሻው ሲርበው ደግሞ ይበላዋል» አለኝ። ነገሩ እውነት ነው፤ የአንድ እግር ጫማዬን የበላው ማን ሆነና። የጭነት መኪና ዕቃ የሚታሰርበትን ሸራ ሊያደርግልኝ ነው፣ ከሥሩ የብርድ ልብስ ቁራጭ ሰፍቶ። ዘለበቱ ብረት። ፕላስቲክ እንዳታስገባ ብዬ አስምዬዋለሁ።

ሐሙስ

ማሰሪያው መጣ! መኪና ባይኖርም ጋሪ በውስጥ ኮረኮንቹ ያልፋል። ስፌቱ ድርብ፣ ከጀርባው ወፍራም የብረት ቀለበት። በልጅነቴ ለፋሲካ አዲስ ቀሚስ ሲገዛልኝ እንዲህ ደስ ብሎኝ እንደሆነ እንጃ።

ማታ ተኩስ ተሰማ። ቡላ ወደ ኋላ አፈገፈገ፣ አንገቱን ዝቅ አደረገ፣ እንደ ሸሚዝ አወለቀው። ደግነቱ አጥሩን ጠግኜ ነበር።

ደውዬ የአፌን ሁሉ ነገርኩት። «አዴ፣ ሁለት ክንድ አሉኝ፣ ሁለት ክንድ ቆረጥኩ» አለ።

«በማን ክንድ?»

«በራሴ ነዋ።»

ክንዴን ዘርግቼ አየሁት። እሱ ሳቀ። «የኔ ክንድኮ የፈረስ እግር ነው!»

እኔ አልሳቅኩም። ከእሱ ይልቅ በራሴ ተናደድኩ።

ዓርብ

ጠዋት ቡላን አየሁት። ያልታሰረው አንገቱ እንዲድን ተብሎ ነው፤ ካልታሰረ ደግሞ መርዙ አለ። ገመድ ፈርቼ ለመርዝ ልሰጠው?

አማተብኩና ገመዱን አወጣሁ። ከፊት እግሮቹ ኋላ ደረቱን ዞርኩበት፣ ልኩ ላይ ቋጠርኩ። ከአንገቱ ሥር፣ ቋጠርኩ። እሱ ጨዋታ መስሎት ገመዱን እየነከሰ ይጎትታል። ባሌን ሲለኩት እንዲህ ቢጎትት ኖሮ ብዬ አሰብኩና ቁጭ ብዬ አለቀስኩ፤ ቡላ ጆሮዬን ላሰኝ።

ማሰሪያውንና ገመዱን ለባለጋሪው ሰጠሁ። ኦቦ ለሜሳ ሲጨርስ ገመዱን ያቃጥለው ብዬ አደራ አልኩ።

ቅዳሜ

ማሰሪያው ተመለሰ። ሐኪሟ እንዳለችው ጣቶቼን ከሥሩ አስገባሁ፦ ሁለቱ ገቡ፣ ሦስተኛው እንቢ አለ። ብብቱን አይነካም፣ አንገቱ ነጻ ነው። ገመዱም አብሮ መጥቷል፣ ተጠቅልሎ። ደወልኩለት፤ አቃጥለው አላልኩም?

«ገመዱ ምን አጠፋ አዴ? ልብስ ያስጡበት።»

እሁድ

ከቤተ ክርስቲያን መልስ ከጀርባው ቀለበት መሳቢያ ሸራ አስሬ ቡላን ይዤ ወጣሁ። ገና በሩን እንዳለፍን ከአስፋልቱ በኩል ጧ! አለ። ቡላ ተወነጨፈ፣ እኔም ተከተልኩ፣ ነጠላዬ ወደቀ። ከኦቦ ቱሉ አጥር ጥግ ያለውን ግንድ አቅፌ ቆምኩ። ቡላ ወደ ኋላ አፈገፈገ፣ አንገቱን ዝቅ አደረገ፣ ሐሙስ ማታ ያወለቀበትን ብልሃት ሁሉ ሞከረ። ማሰሪያው አልወለቀም። አልተበጠሰም።

ኦቦ ቱሉ በጎቹ መሀል ቆሞ ሁሉን አይቷል። «አዴ፣ ማን ነው ማንን ያሰረው?» አለኝ።

«አንተ በጎችህን ጠብቅ!»

ሳቀ። ነጠላዬን አንስቶ፣ አቧራውን አራግፎ ሰጠኝ። መርዙን አላነሳም፣ እኔም አልጠየቅኩም።

መንገዱ መቼ እንደሚከፈት፣ የቀረችኝን ጓሮ ማን መጥቶ እንደሚለካት አላውቅም። ነጠላዬን አጥቤ በዚያው ገመድ ላይ አሰጣሁት። ቡላ ከሥሩ ተኝቷል፣ ማሰሪያውን እንደለበሰ። ጠብታው አፍንጫው ላይ ሲወድቅ ያስነጥሳል። ዘለበቱ ንቅንቅ አላለም።