የዱር አቮካዶው ዛፍ እንግዳ

ይድረስ ለውድ እናቴ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ጉልበትሽስ እንዴት ነው? የሳን ሆሴ ሙቀት ያሽለዋል ብለሽ ነበር የሄድሽው፤ አክስቴ ግን ደረጃ ስትወጪ አሁንም ታቃስቻለሽ ብላ ነገረችብሽ። እኛ ደህና ነን። ዝናቡ አባርቷል፤ ሦስቱም የእንግዳ ክፍሎች ሞልተዋል።

በስልክ ልነግርሽ አቅቶኝ ነው የምጽፍልሽ። ሁለቴ ደውዬ ስለ ዶሮዎቹ ብቻ አውርቼሽ ዘጋሁት።

ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ አንድ ሽማግሌ ከዋናው መንገድ ብቻውን በእግሩ ወርዶ መጣ። በራችንን ታውቂው የለ፤ እንግዳ ሁሉ ይገፋዋል፣ ይጎትተዋል፣ በመጨረሻ እኔን ይጣራል። እሱ ግን እንደ ለመደ ሰው ከሥር በጉልበቱ ደግፎ ከፍ አደረገና ከፈተው። ልብስ እያሰጣሁ ነበር፤ እጄ ገመዱ ላይ ቀረ። ስምዎ ማን ይባላል ስለው፣ «በዚህ ዕድሜ ስም ምን ያደርጋል? ሽማግሌው በይኝ» አለና ሳቀ። ኬትዛል ወፋችንን ለማየት ነው የመጣው። እዚሁ አገር ተወልደው እስከ ዛሬ አላዩም ወይ ብዬ ስጠይቀው፣ «በላዬ አልፎ ይሆናል፤ ቀና ብዬ አላየሁም እንጂ» አለኝ።

በማግስቱ ሲነጋጋ ከሁለት ጀርመናውያን ባልና ሚስት ጋር ወደ ላይኛው ግጦሽ ወሰድኩት። እነሱ ክንድ የሚያህል ካሜራ ተሸክመዋል፤ እሱ ባርኔጣውን ብቻ። የዱር አቮካዶው ዛፍ አጠገብ ቆመን ጠበቅን። ጉሙ ሲገለጥ ወንዱ መጣ። እማዬ፣ አሥራ አንድ ዓመት ሰው ሳሳይ ኖሬ እንዲህ አላየሁትም። ደረቱ ፍም ነው። ጀርባውን አረንጓዴ ልበለው ወይስ ወርቅ? ዞር ሲል ደግሞ ሰማያዊ ሆነ። ቅጠል እንኳ በማይነቃነቅበት አየር ያ ረጅም ጭራው ብቻውን ይወዛወዛል። ፍሬ ነጥቆ ወደ ደረቀው ግንድ በረረና ጎጆው ገባ፤ ጭራው ውጭ ተንጠልጥሎ ቀረ። ጀርመናዊቷ ካሜራዋን ረስታ አፏን በእጇ ያዘች።

ሽማግሌው ግን ወደ ዛፉ ሄደ። ቅርፊት የሸፈነውን የመጥረቢያ ጠባሳ በመዳፉ ዳሰሰው። «ይህን ዛፍ ለከብቶቹ ግጦሽ ብሎ ሊጥለው የነበረ ሰው አውቃለሁ» አለኝ። «ሚስቱ ሕፃኗን ታቅፋ ግንዱን ተደግፋ ቆመች። መጀመሪያ እኛን ቁረጥ አለችው። መጥረቢያውን ጥሎ ሄደ። ተቆጥቶ የሄደ መስሏት ይሆናል። አፍሮ ነው።»

ሕፃኗስ የት ደረሰች አልኩት። ባርኔጣውን ሲያወልቅ ጆሮዎቹን አየሁ፤ በየጠዋቱ መስታወት ውስጥ የማያቸው ጆሮዎች ናቸው። አፌ ግን እርስዎ ከማለት አልፎ አባባ አላለም።

ቁርስ ላይ፣ እንደማያውቅሽ ሰው፣ እናትሽ በሕይወት አለች ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ደህና ናት፣ አክስቴ ዘንድ ናት አልኩት። ማንኪያውን አስቀመጠ። ዛሬ ማንም ሳያዘው የኋላውን አጥር ሲጠግን ዋለ።

ደብዳቤውን ነገ ወደ ከተማ ለሚወርደው ለጎረቤታችን ለዶን ኤቬልዮ እሰጠዋለሁ። እንግዳው እስከ እሁድ እቆያለሁ ብሏል። ነይ አላልኩሽም። አውቶቡሱ ግን ቅዳሜ ረፋድ ላይ ከሳን ሆሴ ይነሳል፤ እኔም ዋናው መንገድ ላይ መኪና ይዤ እቆማለሁ። ባትመጪም አልቀየምሽም።

የካርታጎዋ ድንግል ማርያም ከክፉ ትሰውርሽ፤ ልብሽንም እሷው ትምራው።

ልጅሽ