የወለላ ጥርስ

ይድረስ ለበኩር ልጄ፣ አዲስ አበባ።

እንደምን ከርመሻል? ጤናሽስ? እኛ አምላክ ይመስገን በሕይወት አለን። አባትሽ ወገቡን ቢያመውም ጠዋት ጠዋት እስከ ሐይቁ ዳር በእግሩ ደርሶ ይመለሳል። "ሁላችንም ደኅና ነን" ብዬ ብጽፍልሽ ግን ዋሸሁሽ፤ ውሸት ደግሞ ለዚህ ቤት በቅቶታል።

ስልክ ልደውል አስቤ ነበር። ግን ድምፄ ከፍ ባለ ቁጥር "እማዬ፣ ኔትወርኩ ይቆራረጣል" ትይና ትዘጊዋለሽ። ወረቀት አይቆራረጥም። አባቴ ይፋግ ላይ ከደብሩ ልጆች ጋር ፊደል ያስቆጠረኝ ለካ ለዚህ ኖሯል። ቁጭ ብለሽ አንብቢው፤ ግማሽ ላይ ደርሰሽ እንዳታጥፊው።

ነገሩ የታናሽ እህትሽ የወለላ ነው።

የሁለታችሁም ጥርስ ቡናማ የሆነው በማንም ጥፋት እንዳልሆነ ታውቂያለሽ። አባትሽ መተሐራ ሲሠራ ተወለዳችሁ፤ የዚያን አገር ውኃ ጠጥታችሁ አደጋችሁ፤ የዚያ ሰፈር ልጅ ሁሉ ጥርሱ እንዲያው ነበር። ሰው አፋችሁን ማየት የጀመረው ባሕር ዳር ከገባን ወዲህ ነው። አንቺ እጅሽን ከንፈርሽ ላይ ሳታደርጊ አታወሪም ነበር። ወለላ ግን ጉዳይዋም አልነበረ። ከት ብላ ትስቃለች፤ ስትስቅ ድዷ ሁሉ ይታያል። በጀልባ አስጎብኚነት ስትቀጠር እንግዶቹ የወደዱላት ይህንኑ ሳቋን ነው።

ባለፈው መስከረም አንቺ በስልክ ቪዲዮ ላይ ብቅ አልሽ። ጥርስሽ ወተት መስሏል። ጥርስ ያነጣል የተባለ ጄል ከፍ አድርገሽ ይዘሽ፣ "የመተሐራ ልጅ ነኝ፣ ጥርሴ ምን ይመስል እንደነበር እዩ፤ በሁለት ሳምንት ይኸው!" አልሽ። አባትሽ ለጎረቤቱ ሁሉ እያዞረ አሳየ። እኔም እልል ብያለሁ። ወለላ ቪዲዮውን ደጋግማ አየችው፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ እሷም እጇን ከንፈሯ ላይ ማድረግ ጀመረች። እኔ ዘንግቼው ነበር እንጂ ዓይኔ አይቶታል።

ለየካቲት ኪዳነ ምሕረት ዘጌ ልሳለም ስነሣ "በእኔ ጀልባ ነው የምትሄጂው" አለችኝ። ከሐዋሳ የመጡ እንግዶች ይዛለች። እኔ ከኋላ ተቀምጬ ልጄ ስትናገር ልሰማ ጓጉቻለሁ። ስለ ገዳማቱ መናገር ጀመረች፤ ደስ ይላል። ከወደቡ ወጥተን ሐይቁ ሲገለጥ ነፋሱ ፊት ለፊት መጣ። ቃሉን ግማሽ ላይ ተወችው። አፏን በሁለት እጇ ይዛ ጎንበስ አለች። እንግዶቹ ጀልባው ያዞራት መሰላቸው። አንዲት ሴትዮ አዝና ቀዝቃዛ ውኃ ሰጠቻት፤ አንዴ ጎንጨት ብትል ጮኸች። ጮኸች ነው የምልሽ! ምጥ ላይ ያለች ሴት እንዲያ ስትጮህ ነው የማውቀው። ነጂው ደንግጦ ሞተሩን አጠፋ። የቀረውን መንገድ ስለ ገዳማቱ ያወራው ነጂው ነው። ኪዳነ ምሕረትን ምን ብዬ እንደተሳለምሁ አላውቅም።

ቤት ስንገባ ያዝኋት። መጀመሪያ ካደች፤ ኋላ ከሻንጣዋ ያንን ጄል አወጣች፤ ያንቺ ፎቶ ያለበትን ካርቶን፣ ባዶ ባዶውን ቱቦ በፌስታል ሙሉ። ሁለት ሳምንት እንደተባለው ተቀባችው፤ አልነጣም። "እህቴ ላይ ሠርቶ እኔ ላይ እንዴት እንቢ ይላል? እኔ ነኝ ያላወቅሁበት" አለች። ስለዚህ ግማሽ ሰዓት የተባለውን አፏ ውስጥ ታሳድረው ጀመር። ድዷ ሲላጥ ቻለችው። አልነጣ ሲል በከሰል ዱቄት ፈተገችው። ይገባሻል? አንቺን ባታምንሽ ኖሮ በሁለት ሳምንቱ ትተወው ነበር።

ወደ ጥርስ ሐኪም ወሰድኋት። ዶክተር ግሩም ይባላል፤ ትዕግሥተኛ ልጅ ነው። ጥርስ ከላዩ ጠንካራ ልባስ አለው አለኝ፣ እነሱ ኢናሜል የሚሉት። አጥንት ቢሰበር ይገጥማል፣ ቆዳ ቢላጥ ይተካል፣ ይህ ልባስ ግን አንዴ ከሄደ አይበቅልም። ጥርስ ማንጣት ሁሉ ክፉ አይደለም፤ በባለሙያ እጅ፣ ድዱ ተሸፍኖ፣ በልኩ ሲሆን ጥርሱ ለጥቂት ቀን ቢሰማውም ይመለሳል አለ። የእኛው ግን ኃይሉ እንኳ ያልተጻፈበት፣ እንደ ሎሚ የሚኮመጥጥ ነገር ነው። ኮምጣጣው ልባሱን አለሰለሰው፤ ከሰሉ የለሰለሰውን ፍቆ አነሣው። አሁን ነፋሱም ውኃውም የሚያገኘው የውስጡን ነው።

"ደግሞም" አለ፣ "ይህ ከውኃ የመጣ ቡናማ ልባሱ ውስጥ ዘልቆ የገባ ነው። እንዲህ ያለው ጄል ወተት አያስመስለውም።"

"ታዲያ ለታላቋ እንዴት ነጣላት?" አልሁት። ወለላ ራጅ ልትነሣ ወጥታ ነበር። ቪዲዮሽን ከፍቼ ስልኬን ሰጠሁት። አየው፤ አቁሞ አጎላው።

"እናቴ፣ ይህ ጄል ያነጣው ጥርስ አይደለም። ሽፋን ነው" አለኝ።

"ሽፋን ማለት?"

"የራሷ ጥርስ ይሞረድና በላዩ ላይ የሚለጠፍ።"

ከዚያ ፊቴን አየና ስልኬን መለሰልኝ።

ጄሉን ወደ ሸጠችላት ሴት በቀጥታ ሄድሁ። ሥርጉት ትባላለች፤ ጸጉር ቤት አላት። ደንበኞቿ ፊት ላዋርዳት ነበር ሐሳቤ። ገና ከበሩ ስታየኝ ተነሥታ አቀፈችኝ። "የእሷ እናት አይደሉ እንዴ! ቁርጥ እርስዎን!" በሩን የሚያህል ፎቶሽ ግድግዳው ላይ ይስቃል። የወለላን ነገር ስነግራት ፊቷ ጠቆረ። ለካ ሌሎችም ድዳችን ነደደ እያሉ መጥተውባት ደውላልሽ ኖሯል።

"እኔ ምን ላድርግ እማማ? 'ሲያቃጥል እየሠራ ነው በያቸው' ያለችኝ እኮ ልጅዎ ናት!"

ልጣላት የሄድሁት ሴት ወንበር ስባ አስቀመጠችኝ። ጸጉራቸውን የሚሠሩት ሴቶች በመስተዋቱ ውስጥ ያዩኛል። በዕድሜዬ እንዲያ አፍሬ አላውቅም።

አንቺ ልጅ፣ ምን ነክቶሽ ነው? ጥርስሽን ብታሸፍኚ ማን ከለከለሽ? "ሐኪም ዘንድ ሄጄ አስለጠፍሁት" ብትይ ማን ይስቅብሻል? የልጅነታችሁን እፍረት ገበያ አወጣሽው። መተሐራ ብለሽ የጠራሽው እኮ የዚያ ሰፈር ልጆች እንዲያምኑሽ ነው! አብረውሽ የቧረቁት ልጆች። ከእነሱ ስንቱ ዛሬ አፉን ይዞ እንደተቀመጠ እግዜር ይወቀው። የጄሉ ባለቤቶች ስክሪፕት ሰጥተው አስነበቡኝ እንዳትይኝ፤ ለሥርጉት በስልክ ያንን ስትመልሺ ማንም ፊትሽ ወረቀት አልያዘም።

ለወለላ ዶክተሩ መድኃኒት ቀብቶላት፣ የባሰባቸውን ሞልቶላት ሕመሙ ጋብ ብሏል። ጀልባ ላይ ግን አልተመለሰችም። ወደቡ ላይ ቲኬት ትቆርጣለች። እንደ ቀድሞው ከት ብላ ስትስቅ የሰማኋት የለም። የሚያንገበግበኝ ደግሞ አንቺን አለመቆጣቷ ነው። "እህቴ አውቃ አታደርገውም፤ እንዳትጽፊላት" ትለኛለች። ስለ ሽፋኑ አልነገርኋትም። እሱን የምትነግሪያት አንቺ ነሽ፤ ዓይኗን እያየሽ። ቪዲዮውን ዛሬውኑ አውርጂው። ማውረድ ብቻ ደግሞ አይበቃኝም፤ በዚያው ፊትሽ ወጥተሽ እውነቱን ለሰው ተናገሪ። ይህን ካላደረግሽ ልጄ ናት ብዬ አፌን የምሞላበት ነገር አይኖረኝም።

ይህን ጽፌ ልጨርስ ነበር። አንድ ነገር ግን ሰሞኑን ከራሴ አልወጣ አለኝ።

አምና ለፋሲካ መጥተሽ ነበር። ጄሉን ማስተዋወቅ ገና አልጀመርሽም ነበር፤ ጥርስሽም ያው የድሮው ቡናማ ነበር። አባትሽ ሲያጎርስሽ በአንድ ጎንሽ ብቻ ታኝኪ ነበር። ጠላው ቀዝቃዛ ነው ብለሽ ሳትቀምሺው መለስሽው። ወለላ በጀልባ ልውሰድሽ ስትልሽ "ነፋስ አልወድም" አልሻት፤ አንቺ፣ ሐይቁ ላይ ስትሆኚ መውረድ የማትወጂው ልጅ። እኔ ከተማ አኩርቷት ነው ብዬ ለአባትሽ አማሁሽ። ዛሬ ወለላን ሳያት ግን ያው ሕመም ነው፤ ጄሉ አስቀድሞ የፈጀው ያንቺን ጥርስ ይሆን እላለሁ።

ዶክተር ግሩምን ስንለያይ "ጥርሳቸውን ሞርደው የሚያስለጥፉ ምን ያጋጠማቸው ሰዎች ናቸው?" ብዬ ጠይቄው ነበር። የመለሰልኝን እዚህ አልጽፈውም።

ቁጣዬ በረደ እንዳይመስልሽ፤ ይልቅ ብሶብኛል፤ በማን ላይ እንደሆነ ብቻ ተምታቶብኛል። ለፋሲካ ነይ። እዚህ ቤት ማንም አፍሽን ክፈቺ አይልሽም። እመቤቴ በልብሽ ብርታት ታሳድርብሽ፤ ምላስሽን ለእውነት ትፍታልሽ፤ ይህን ካደረጉብሽ ሰዎች እጅ በደኅና ታውጣሽ። አሜን።

መጠጡን ለብ አድርጌ እጠብቃችኋለሁ፤ ለሁለታችሁም።

የተቆጣችሽ
እናትሽ
ባሕር ዳር፣ መጋቢት