ዘጠኝ ሰዓት እኔን አይጠብቅም

ይድረስ ለምወድዎትና ለማከብርዎት አባቴ ለአቶ ተሻገር፤

አባባ፣ እንዴት ሰነበቱልኝ? ጤናዎ እንዴት ነው? ስኳርዎ፣ ጉልበትዎ፣ እንቅልፍዎስ? ጾሙ በረታብዎት ወይስ በረቱበት? ዓይንዎ ከደከመ ወዲህ እጅዎን ይዛ ቤተ ክርስቲያን የምታደርስዎት እህቴ ጸዮንስ ደህና ናት? እኔ፣ ባለቤቴ ጥሩነህና ልጃችን ሊዮ ከናፍቆታችሁ በስተቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ብርዱም ረገብ ብሎ የሰፈራችን የኢስት ዮርክ በረዶ መቅለጥ ጀምሯል።

በየሥራ ቀኑ እየደወልኩ ደብዳቤ መጻፌ ይገርምዎት ይሆናል። በስልክ የምነግርዎትን «እሺ ልጄ» ብለው ያልፉታል፤ የተጻፈ ነገር ግን ያከብራሉ። አቢይ የሚባል የሰፈራችን ልጅ እሑድ ወደ አገር ቤት ስለሚበር በእሱ ልኬዋለሁ። ጸዮንዬ፣ ስታነቢላቸው አንድም ቃል እንዳትዘይ። ቢቆጡም የሚቆጡት እኔን ነው።

አባባ፣ ባለፈው ሰኞ እንደ ወትሮዬ በእረፍቴ ስደውል ምን አሉኝ? «ምነው ዛሬ ቸኮልሽ? ጾሜን ልታስገድፊኝ ነው?» ቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ። ኋላ ግን ጸዮን ጓዳ ገብታ በሹክሹክታ ነገረችኝ። የግድግዳው ሰዓት አልታይ ካለዎት ወዲህ የሚጾሙት በእኔ ስልክ ነው ለካ። እሷ «ዘጠኝ አልፏል፣ ይቅመሱ» ስትልዎት «የኔነሽ ሳትደውል ዘጠኝ አልሆነም፤ እሷ ሰዓት አትስትም» ይላሉ አሉ።

ነገሩ እንዲህ ነው። እዚህ አገር በዓመት ሁለት ጊዜ ሰዓት ይነካካል። በጥቅምት መጨረሻ ገደማ አንድ ሰዓት ወደ ኋላ ይመልሱታል፣ በየካቲት መጨረሻ ደግሞ ወደ ፊት ይገፉታል። እኔ የምሠራበት የኢቶቢኮ መጋዘን እረፍቴን ሁልጊዜ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ ነው የሚሰጠኝ። ያው ሁለት ሰዓት በሙቀቱ ወራት እናንተ ጋ ዘጠኝ ይሆናል፣ በብርዱ ወራት ግን ዐሥር። እንግዲህ የነቢያትን ጾም በሙሉ፣ የዚህንም ጾም መጀመሪያ፣ እስከ ዐሥር ሲጠብቁኝ ከርመዋል። ሰኞ ደግሞ በትክክለኛው ዘጠኝ ስደውል፣ ዐሥሩን ለምደውት ኖሮ ቸኮልሽ አሉኝና አሁንም አንድ ሰዓት ጨምረው ቆዩ። ሐኪሙም የንስሐ አባትዎም ስለ ስኳሩ ከዘጠኝ እንዳያሳልፉ ነግረውዎት የለም ወይ? ታኅሣሥ ላይ ራስዎን አዙሮዎት ደጃፍ ላይ መውደቅዎንም ገና አሁን መስማቴ ነው። እኔ ድምፅዎን ሰማሁ ብዬ ደስ ሲለኝ፣ እርስዎ ለካ እየራበዎት ነው የሚያጫውቱኝ።

አልፈርድብዎትም። መናኸሪያ ስምሪት ሲሠሩ ሾፌር ቢለምን፣ ባለሥልጣን ቢዘገይ፣ አውቶቡስ ከሰዓቱ ዝንፍ አያስብሉም ነበር። ታዲያ የእርስዎ ልጅ ሰዓት ትስታለች ብለው እንዴት ይጠርጥሩ? እኔም አልሳትኩም፤ ያዛነፉት እነሱ ናቸው።

ይህ ነገር ይቅር ወይስ ይቀጥል እያሉ እዚህም ይከራከራሉ። ሊዮ ዓመቱን ሙሉ የሙቀቱ ሰዓት ይሁን ባይ ነው፤ ከትምህርት ቤት ሲመለስ ብርሃን አግኝቶ ኳስ ሊጫወት። ጥሩነህ ደግሞ «እንደዚያ ከሆነ በታኅሣሥ ልጁን በድቅድቅ ጨለማ ልንሸኘው ነው» ይለዋል። ሁለቱም እውነት አላቸው። እኔ መነካካቱ ብቻ ይቅርልኝ ባይ ነኝ፤ ምክንያቴን እርስዎ ያውቁታል።

የአገሩ ሰዎች እስኪወስኑ ግን ዝም ብዬ አልተቀመጥኩም። አብሮኝ የሚሠራ ፋሩቅ የሚባል የጅማ ልጅ አለ። ረመዳን እየጾመ ነው። «እኛ ፀሐይዋን አይተን ነው የምናፈጥረው፤ ሰዓቱን የፈለጉበት ያዙሩት» እያለ ሲስቅ የእርስዎን ነገር ነገርኩት። ሳቁን ተወ። ማግስቱን ሱፐርቫይዘራችንን አናግሮ ጠበቀኝ። ከመጪው ጥቅምት ጀምሮ፣ ሰዓቱ ወደ ኋላ ሲመለስ፣ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ ያለውን የእሱን እረፍት ለእኔ ሰጥቶ የእኔን ይወስዳል። ያኔም ስልኬ እናንተ ጋ በዘጠኝ ይገባል። ለፋሩቅም በጸሎትዎ ያስቡልኝ፣ አደራ።

ቢሆንም አባባ፣ ኔትወርክ ይጠፋል፤ እኔም ሰው ነኝና እታመም ይሆናል። ከእንግዲህ ጸዮን ዘጠኝ ሞላ ካለችዎት ሞልቷል። ሳልደውል ከቀረሁ ያስቡ፣ ማሰብዎን አልከለክልዎትም፤ ግን በልተው ያስቡ።

ጸዮንን ስለ እኔ ጉንጯን ይሳሙልኝ። ለንስሐ አባትዎ እጅ ነሥታለች ይበሉልኝ። ለጎረቤታችን ለእትዬ ሥርጉት፣ ለልጇም ለሔርሞን ሰላምታዬ ይድረሳቸው። ጥሩነህ ጉልበትዎን ይስማል፤ ሊዮም በተሰባበረ አማርኛው «አያቴ ይብላ» ብሏል።

ስደውልልዎት አፍዎ ጉርሻ ይዞ መልስዎ ቢዘገይብኝ፣ ለእኔ ከዚያ የሚበልጥ ደስታ የለም።

ልጅዎ የኔነሽ
ቶሮንቶ፣ መጋቢት 4 ቀን 2018 ዓ.ም.